«ቁማርተኛ ነህ» አሉኝ፤ የምወደውን አጨዋወት ልቀይር?

ውድ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ የ23 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ የምሠራው ባጃጅ ላይ ነው። ጥያቄዬ ለአንዳንድ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ሁለት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ቼዝ እወዳለሁ። ያስተማሩኝ የሰፈራችን ሰው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። 8ኛ ክፍል እያለሁ እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ቆሜ አይ ነበር። አንድ ቀን «ቁጭ በል» አሉኝ፤ በዚያው ቀረሁ። አባቴን ያጣሁት በልጅነቴ ነው። ጋሼ ለእኔ ምን እንደሆኑ ከዚህ ይገባዎታል።

ከሦስት ዓመት ወዲህ በስልኬ ሊቼስ ላይ (በኢንተርኔት ቼዝ የሚያጫውት ድረ ገጽ ነው) እጫወታለሁ። ተራ እስኪደርሰኝ፣ ሰው እስኪሞላ፣ የ3 ደቂቃ ጨዋታ። ማጥቃት እወዳለሁ። ፈረስ ሰጥቼ፣ ቢሾፕ ሰጥቼ ንጉሥ ማሳደድ ደስ ይለኛል። ሬቲንጌ፣ ማለትም የተጫዋችነት ነጥቤ፣ 1710 ደርሶ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት፣ እሑድ ቀን ከጋሼ ጋር ስንጫወት ቢሾፔን ኤች7 በሚባለው የሰሌዳው ቤት ላይ ሰጠሁ። አልሠራም። ተሸነፍኩ። መሸነፉ ምንም አልነበረም። ጋሼ ግን ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ ቁማርተኛ እንጂ ቼዝ ተጫዋች አይደለህም፤ ያ ስልክ አበላሸህ» አሉኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅ ብዬ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። መንገድ ላይ ሳያቸው ባጃጁን አዙሬ በሌላ በኩል እሄዳለሁ።

ሬቲንጌ አሁን 1540 ነው። አንዳንዴ ልክ ናቸው እላለሁ። ተጠንቅቄ ልጫወት ብዬ ስሞክር ግን ይሰለቸኛል፤ እንዲያውም ይብስብኛል። አሁን ግንቦት ላይ ከሻሸመኔ ልጆች ጋር አራት ለአራት ግጥሚያ አለ፤ ለአንድ ሰው 25 ደቂቃ። ጓደኞቼ ግባ ይሉኛል። ቡድኑን የሚመሩት ደግሞ ጋሼ ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለብኝ።

አጨዋወቴን ልቀይር? ቼዙን ጭራሽ ልተወው? ወይስ ግጥሚያውን ብቻ ልለፈው? ቼዝ እንደሚጫወቱ ከዚህ በፊት ጽፈው አንብቤያለሁ። የሊቼስ ስሜን ልኬያለሁ። ከጋሼ ጋር የተጫወትነውንም እስከ 31ኛው እርምጃ ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌዋለሁ። አይተው የታየዎትን እንዲነግሩኝ እለምናለሁ።

ባለ ባጃጁ፣ ከሀዋሳ

* * *

ወንድሜ ባለ ባጃጁ፣ እንደምን አለህ።

ደብዳቤህ ከደረሰኝ በኋላ ሁለት ምሽት ከጨዋታዎችህ ጋር ቁጭ አልኩ። ካለፉት አራት ወራት 60 ጨዋታ መርጬ አንድ በአንድ አየሁ። ስለ ቼዙ የምለው ብዙ አለኝ። መጀመሪያ ግን ስለዚያች እሑድ እናውራ።

«ሳቅ ብዬ ሂሳብ ከፍዬ ወጣሁ» ብለሃል። እዚያች ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። እንዲህ ያለ ሳቅ ውስጥ ውስጡን ምን ያህል እንደሚያቃጥል አውቃለሁ። «ቁጭ በል» ብሎ ወንበር የሰጠህ ሰው፣ እዚያው ወንበር ላይ ሰው ፊት አሳፈረህ። ይህ ለማንም ቀላል ነገር አይደለም። ሁለት ወር እንቅልፍ ቢነሳህ አልፈርድብህም።

ሊቼስ የእያንዳንዱን ጨዋታ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። ያቺን እሑድ ፈልጌ አገኘኋት። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ10 እስከ 4 ሰዓት ከ35፣ በ25 ደቂቃ ውስጥ ሰባት ጨዋታ ተጫውተሃል። ሰባቱንም ተሸንፈሃል። ከሰባቱ በአራቱ ነጭ ነበርክ። በአራቱም ቢሾፕህን ኤች7 ላይ ሰጥተሃል። በአንደኛው ፈረስህ ገና ከመነሻው አልተንቀሳቀሰም ነበር። ቢሾፑ ብቻውን ሄዶ ሞተ።

ያን ምሽት የምትጫወተው ስልኩ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር አይመስለኝም። ከጋሼ ጋር ነበር። «ይሠራል፣ ይኸው ይሠራል» እያልካቸው ነበር። ተሳስቼ ይሆን? ለእኔ መልስ አያስፈልገኝም፤ አንተ ለራስህ አስበው። ከ1710 ወደ 1540 የወረድከው ቼዝ ጠፍቶህ ይሁን ወይስ አዝነህ፣ ሁለቱ መፍትሔያቸው ለየቅል ነውና መለየቱ ይጠቅምሃል።

ስለ «ቁማርተኛ» የምትለዋ ቃል ደግሞ አንድ ነገር ታዘብኩ። ከሁለት ወር በፊት በእንጨት ሰሌዳ የተጫወትከውን ጨዋታ ማንም ሳይመዘግብልህ በቃልህ ጽፈህ ልከህልኛል። 31 እርምጃ፣ የሁለታችሁንም። ሰሌዳ ላይ ደርድሬ ተከተልኩት፤ አንድም ቦታ አልተፋለሰም። ቁማርተኛ የጣለውን ካርታ በማግስቱ ይረሳዋል። እንዲህ የሚያስታውስ ሰው ሲጫወት የነበረው እያሰበ ነው።

አሁን ወደ ቼዝህ እንሂድ።

ዓይንህ ድንቅ ነው፤ ለማጽናናት ብዬ አይደለም። አንዱን ጨዋታ ሦስቴ ደግሜ አየሁት። የተጋጣሚህ ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ ተወሽቋል። ያንተ ፈረስ ኤች6 ላይ ነው። ንግሥትህን ጂ8 ላይ፣ ከንጉሡ አጠገብ አስቀመጥካት። ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም፤ ሩኩ (ግንብ የሚመስለው ጠጠር) በላት። ከዚያ ፈረስህ ኤፍ7 ላይ ገባ፤ ማት፣ ጨዋታው አለቀ። ንጉሡ በገዛ ሩኩና በገዛ ወታደሮቹ ታፍኖ ሞተ። ንግሥትህን ለመስጠት የፈጀብህ 4 ሰከንድ ነው። ይህን ብዙ ሰው መጽሐፍ ላይ አይቶት እንኳ ሰዓት እየቆጠረበት አያገኘውም።

ጠጠሮችህን ቶሎ ታወጣለህ። ንጉሥህን ቶሎ ደህና ቦታ ታስቀምጣለህ። ተጋጣሚህ አንዲት እርምጃ ከተዘናጋ አትምረውም። ካሸነፍካቸው 30 ጨዋታዎች 19ኙ ከ25ኛው እርምጃ በፊት ነው ያለቁት።

ታዲያ የሚጎዳህ ምንድን ነው? 40ኛውን እርምጃ ያለፉት ጨዋታዎች 14 ናቸው። ከእነሱ ያሸነፍከው ሦስቱን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ወታደር ትበልጥ ነበር! ጥቃቱ ሲሠራ አንበሳ ነህ። ጥቃቱ ሲበርድ ግን ጨዋታው ያለቀ ይመስልሃል። እጅህ ይጫወታል፣ ልብህ ሄዷል።

የኢጣሊያ መክፈቻ በሚባለው አጀማመር ፈረስህን ወደ ጂ5 አውጥተህ ኤፍ7ን ስታስፈራራ በግልጽ ይታያል። ጥቁሩ ዲ5 ይልሃል፤ ወታደሩን ትበላለህ። እሱም መልሶ በፈረስ ከበላ ደስታህ ነው፤ ፈረስህን ኤፍ7 ላይ ሰጥተህ ንጉሡን ወደ መሃል ታወጣዋለህ። እሱን ጥሩ ትጫወታለህ። ትምህርቱን የሚያውቅ ተጋጣሚ ግን ወታደሩን ትቶ ፈረሱን ወደ ኤ5 ይወስድና ቢሾፕህን ያስጨንቃል። እዚያ ላይ አንተ አንድ ወታደር ትበልጣለህ፤ እሱ ደግሞ ጠጠሮቹ ፈጥነው ይወጣሉ። ለጥቂት እርምጃ ዝም ብሎ መከላከል ነው የሚፈለገው። አንተ ግን የሌለ ጥቃት ትፈልጋለህ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ አምስት ጊዜ ደርሰህ አራቱን ተሸንፈሃል።

በጥቁር ስትጫወትም ያው ነው። ነጩ ዲ4 ብሎ፣ ቢሾፑን ኤፍ4 ላይ አውጥቶ ቀዝቀዝ ሲልብህ ትሰለቻለህ። ከዚያ የራስህን ንጉሥ የሚጠብቁ ወታደሮች ወደፊት ትገፋለህ። ስልችት ሲልህ አንድ ጠጠር አሻሽል፤ የጂ ወታደርህን ግን አትንካው።

አሁን የምነግርህን ሰሌዳ አውጥተህ ደርድረው፤ በነገር ብቻ አይገባም። ካየኋቸው ሽንፈቶች በጣም ያሳዘነኝ ይኸኛው ነው። ነጭ ነህ። ንጉሥህ ጂ8፣ ወታደርህ ጂ7፣ ሩክህ ኤፍ1 ላይ። የተጋጣሚህ ንጉሥ ኢ7፣ ሩኩ ኤች2 ላይ። ወታደርህ ንግሥት ለመሆን አንድ እርምጃ ቀርቶታል፤ ንጉሥህ ግን መንገዱን ዘግቶበታል። 19 ሰከንድ አለህ። ኢ1 ላይ ቼክ አልክ፣ ንጉሡን አጠቃህ፤ ንጉሡ ወደ ዲ7 ሄደ። እስከዚህ ትክክል ነህ። ከዚያ ንጉሥህን ወዲያው ወደ ኤፍ7 አወጣኸው። ሩኩ ከኋላ ቼክ አለህ። ጂ6 ሄድክ፤ ቼክ። ኤፍ6፤ ቼክ። ኢ5 ሸሸህ፤ ሩኩ ተመልሶ ወታደርህን አስፈራራ። ወደ ኤፍ6 ተመለስክ፤ ቼክ። እንዲህ ስትዞር ሰዓትህ አለቀ። የተሸነፍከው የአሸናፊነት ቦታ ላይ ቆመህ ነው።

መፍትሔው አንዲት እርምጃ ናት። ንጉሡ ዲ7 ሲሄድ፣ ንጉሥህን ከማውጣትህ በፊት ሩክህን ኢ4 ላይ አቁመው። በቃ። ከዚያ ንጉሥህ ይወጣል። እሱ ቼክ፣ ቼክ ይልሃል፤ አንተ ጂ6፣ ኤፍ6፣ ጂ5 እያልክ ትወርዳለህ። ጂ5 ስትደርስ ቼክ ሲልህ ሩክህን ጂ4 ላይ ታስገባለህ። ቼኩ ተዘጋ፤ ወታደርህ ንግሥት ሆነ። ይህ ድልድይ መሥራት ይባላል። ቦታው የሉሴና ቦታ በሚል ስም ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1634 በኢጣሊያዊው ሳልቪዮ መጽሐፍ ታትሟል። ከ390 ዓመት በፊት የተፈታ ነገር ነው። አንድ ምሽት ብትሰጠው ዕድሜ ልክህን ያንተ ይሆናል።

ሊቼስ ላይ ሰሌዳውን ራስህ ደርድረህ ከዚያው ቦታ ከኮምፒውተሩ ጋር መጫወት ትችላለህ። ከክፍያ ነፃ ነው። አሥር ጊዜ ሥራው። በአሥረኛው እጅህ ራሱ ይሄዳል።

ስለ ሰዓት ልምጣ። ከ27 ሽንፈቶችህ 11ዱ ሰዓት አልቆብህ ነው። ከ11ዱ አምስቱ ደግሞ ገና ከ15ኛው እርምጃ በፊት፣ ምንም ሳትበለጥ፣ ድንገት የቆሙ ናቸው። መጀመሪያ ኔትወርክ መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ ተራህ ደርሶ፣ ሰው ሞልቶ ስልኩን ኪስህ ከተትከው። ልክ አደረግክ! ሰው ጭነህ ስልክ ላይ እንዳትሆን አደራ። ግን ሬቲንግህ ስለ ቼዝህ ብቻ ሳይሆን ስለ ተሳፋሪም እየቆጠረ መሆኑን እወቅ። ለዚያ ቁጥር ይህን ያህል ማዘን የለብህም። ሊቼስ ማንኛውንም አዲስ ሰው የሚያስጀምረው ከ1500 ነው። የብሊትዙ፣ የአጭሩ ጨዋታ፣ ቁጥር ደግሞ ለብቻው ነው፤ ረዘም ላለው ጨዋታ ሌላ ቁጥር አለህ። በረንዳው ላይ ለሚደረግ ጨዋታ ሁለቱም መለኪያ አይሆኑም።

ስለዚህ ተራ ስትጠብቅ ጨዋታ አትጀምር። እንቆቅልሾቹን ሥራ። እንቆቅልሽ ተጋጣሚ የለውም፣ ሰዓት አይቆጥርብህም፤ ሰው ሲመጣ ትዘጋዋለህ፣ ስትመለስ እዚያው ይጠብቅሃል። በርዕስ መምረጥም ይቻላል። የማጥቃቱን ተወው፤ እሱን በደንብ ታውቃለህ። የመከላከልና የጨዋታ መጨረሻ የሚሉትን ምረጥ። መጀመሪያ ያናድዱሃል። ታገሣቸው።

ጨዋታውን ማታ፣ ባጃጁን ካቆምክ በኋላ አድርገው። በሳምንት ሁለት ይበቃል። 15 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 10 ሰከንድ የሚጨመርበትን ምረጥ። በ3 ደቂቃ ጨዋታ የሩክ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ 15 ሰከንድ ነው የሚቀርህ፤ እንዴት ብለህ ትማረው? ከሻሸመኔ ልጆች ጋር የምትጫወተው ደግሞ በ25 ደቂቃ ነው። ስታበቃ ወዲያው የኮምፒውተሩን ትንተና አትክፈት። መጀመሪያ በደብተር ሦስት መስመር ጻፍ። የት ፈራሁ? የት ተሰላቸሁ? የት ቸኮልኩ? ከዚያ ክፈተውና አስተያየው። ሁለት ጨዋታ በተከታታይ ከተሸነፍክ ደግሞ ስልኩን ዘግተህ ተኛ። ያቺ የእሑድ ምሽት እንዳትደገም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄህ፤ አጨዋወቴን ልቀይር ብለሃል። እኔ አትቀይር እላለሁ።

ሚኻይል ታል የሚባል የሪጋ ልጅ ነበር። ጠጠር እየሰጠ፣ ሰሌዳውን እያተራመሰ እ.ኤ.አ. በ1960 ቦትቪኒክን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ዕድሜው ያኔ 23 ነበር፤ ያንተ ዕድሜ። በዓመቱ፣ በ1961፣ በመልሱ ግጥሚያ ቦትቪኒክ አሸነፈውና ዘውዱን መልሶ ወሰደ። ታል ማጥቃቱን አልተወም። የቀረውን ጨዋታም ጨመረበት። ከ1973 እስከ 1974 ድረስ በተከታታይ 95 ጨዋታ ሳይሸነፍ ሄደ። ለዚያ ሁሉ ጠጠር ለሚሰጥ ሰው አስበው! ጥቃቱ ሲበርድም እዚያው ቁጭ ማለትን ለምዶ ነበር።

አንተም ተጠንቅቄ ልጫወት ስትል የሚሰለችህ የሌላ ሰው ልብስ ለብሰህ ስለምትቀመጥ ይመስለኛል። ያንተን ልበስ። ጥቃቱ ያንተ ነው። የጎደለህ ከጥቃቱ በኋላ ያለው ግማሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ጨምር። ጠጠር ከመስጠትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ «ለመከላከል ሊመለስ የሚችለው ማን ነው?» አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ከጋሼ ጋር የተጫወትከውን እንይ። ቢሾፕህ ኤች7ን በላ፤ ንጉሡ በላው። ፈረስህ ጂ5 ላይ ቼክ አለ፤ ንጉሡ ወደ ጂ8 ተመለሰ። ንግሥትህ ኤች5 መጣች፤ በሚቀጥለው ኤች7 ላይ ማት ልትል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው። ግን የጋሼ ነጭ ቤት የሚሄደው ቢሾፕ መንገዱ ክፍት ነበር። ወደ ኤፍ5 ወጣ፤ ኤች7ን ጠበቀ። አለቀ። ቢሾፑ በራሱ ወታደር ተዘግቶበት ቢሆን ኖሮ ያን ቀን የሚስቀው ሌላ ሰው ነበር። በአንዲት እርምጃ ነው የሳትከው። ጋሼ ስለ እርምጃዋ ልክ ናቸው። ስለ አንተ ግን ልክ አይደሉም።

ስለ ጋሼ ላንሳ። ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው፤ አላውቃቸውምና። ግን «ያ ስልክ አበላሸህ» ያሉትን ደግመህ ስማው። ድሮ እሑድን ትጠብቅ ነበር። የምታውቀው ሁሉ ከእሳቸው የመጣ ነበር። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ስንት እሑድ ቀርተሃል? ስትሄድስ ከእሳቸው ጋር እየተጫወትክ ስልክህን የምታይበት ጊዜ ነበር? እንዲህ ሆኗል ብዬ አይደለም፤ እየጠየቅኩህ ነው። አንዳንድ አባት «ጠፋህብኝ» ማለት አይሆንለትም፤ ቁጣ ሆኖ ይወጣል። ይህን ማለቴ ሰው ፊት ያሉህን ልክ ለማድረግ አይደለም። ልክ አልነበረም። ማዘንህም ተገቢ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ባጃጅ እያዞሩ መሄድ ግን ይደክማል። ሀዋሳ ደግሞ እንዲህ ሰፊ አይደለችም፤ አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ፊት ለፊት ትገጣጠማላችሁ። በራስህ ፈቃድ ብትሄድ አይሻልም?

እሑድ ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ ሂድ። ጓደኞችህን አታስከትል። የዚያን ቀን ጨዋታ በወረቀት ጽፈህ ያዝ። ሰላም በላቸውና «ጋሼ፣ ጠፋሁብዎት። የዚያን ቀን ጨዋታ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። የት እንደሳትኩ ያሳዩኛል?» በላቸው። አስተማሪ ናቸው፤ ይህን ጥያቄ ሰምተው የሚያልፉ አይመስለኝም። ሰሌዳው መሃላችሁ ሲሆን መነጋገሩ ይቀላል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት አያስፈልግም። ጨዋታውን ከጨረሳችሁ በኋላ፣ ልብህ ከፈቀደ፣ «ያን ቀን ሰው ፊት ያሉኝ ከብዶኝ ነበር» በል። እዚያ ላይ አቁም። አታብራራ፣ አትክሰስ። ዝም ቢሉ እንኳ ሰምተዋል።

ቀዝቀዝ ብለው ቢቀበሉህስ? ይሆናል። ያኔ በረንዳው ላይ ከሚጫወቱት ሽማግሌዎች አንዱን፣ ጋሼ የሚሰሙትን ሰው፣ ጠጋ ብለህ አማክር። ለእንዲህ ያለ ነገር ሰው መሃል ማስገባት በእኛ ዘንድ ነውር የለውም። እሱም ካልሆነ ቼዝህን ይዘህ ትቀጥላለህ። ያስተማሩህን ማንም አይወስድብህም።

ስለ ጥንቱ ሰንጠረጃችንም፣ ስለ ሀገራችን ባህላዊ ቼዝ፣ አጫውታቸው፤ ምናልባት ካንተ ይልቅ ያውቁት ይሆናል። አባቶቻችን ሲጫወቱ መጀመሪያ ተራ አይጠባበቁም ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እኩል ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ነው ተራ በተራ የሚሆነው። እኔ ያንተን ጨዋታዎች ሳይ ደጋግሞ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ወረራውን ታውቅበታለህ። ተራ በተራ የሚሆነው ላይ ነው የሚቀርህ።

ግጥሚያውን በተመለከተ፣ ከጋሼ ጋር ሳትነጋገር ለጓደኞችህ እሺም እምቢም አትበል። ሁለት ሳምንት አለህ፤ ሁለት እሑድ ማለት ነው። ከተነጋገራችሁ በኋላ እሺ በል። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ካልሰጡኝ አትበል። ሦስተኛም አራተኛም ቢያስቀምጡህ ተቀመጥ፤ ነጥቡ ለቡድኑ እኩል ነው። 25 ደቂቃ ላንተ ዓይን ብዙ ጊዜ ነው።

ዛሬ ማታ ግን ሌላውን ሁሉ ተወውና ሰሌዳውን አውጣ። ንጉሥህን ጂ8፣ ወታደርህን ጂ7፣ ሩክህን ኤፍ1። የእሱን ንጉሥ ኢ7፣ ሩኩን ኤች2። ድልድዩን ሥራ። እሑድ ጋሼ ጋ ስትሄድም ይህንኑ ቦታ ደርድርላቸውና ጥቁሩን ስጣቸው። ንጉሡ ዲ7 ሲደርስ እጅህ ወዴት እንደሚሄድ ይዩት።